የመሣሪያ መግለጫ ለኤአይ ኤጀንት፦ የትኛውን አጻጻፍ መቼ እንምረጥ?

አንድ ኤጀንት፣ ማለትም በቋንቋ ሞዴል እየተመራ ሥራ የሚያከናውን ፕሮግራም፣ ስለተሰጠው መሣሪያ (ሊጠራው ስለሚችለው የኮድ ተግባር) የሚያውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን ግብዓቶች። ኮዱን አያይም፤ ከኮዱ በስተጀርባ ያለውን የመረጃ ቋትም አያይም። ቡድኑ በስብሰባ የተስማማበት፣ ነባሩ ባለሙያ በቃሉ የሚያውቀው፣ ሁሉም «ይህማ ግልጽ ነው» ብሎ ያለፈው ነገር ሁሉ ለሞዴሉ የለም። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ሞዴሎቹ ፈንክሽን፣ ማለትም መሣሪያ፣ እንዲጠሩ የሚያስችለውን አገልግሎት ሲከፍት መሠረቱ ይህ ነበር። አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ሞዴሎችን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘውን ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን፣ በአጭር መጠሪያው ኤምሲፒን፣ ሲያወጣም አልተለወጠም።

ስለዚህ መግለጫው ራሱ የፕሮግራሙ አካል ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲለወጥ የኤጀንቱ ጠባይ አብሮ ይለወጣል። አንትሮፒክ ከራሱ ሥራ የጠቀሰው አንድ ገጠመኝ ይህን በደንብ ያሳያል። ለራሱ ሞዴል ለክሎድ የድረ ገጽ ፍለጋ መሣሪያ በሰጠው ጊዜ ሞዴሉ ሳያስፈልግ በፍለጋው ጥያቄ ላይ «2025» የሚል ቁጥር እየጨመረ ውጤቱን ያዛባ ነበር። ወደ ትክክለኛው መንገድ የተመለሰው የመሣሪያው መግለጫ ተሻሽሎ ነው።

ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው የአጻጻፍ ምርጫዎች ብዙ ናቸው፤ የምመዝንባቸው ሚዛን ግን አንድ ነው። በእኔ እይታ ሞዴል መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ሳይገባው ቀርቶ የሚሳሳተው ጥቂት ጊዜ ነው። የሚሳሳተው ድንበር ላይ ነው፦ ይህኛው ይጠራ ወይስ ጎረቤቱ? አሁን ይጠራ ወይስ መጀመሪያ ሌላ ነገር ይጣራ? መግለጫ ላይ የሚፈሰው ቃል በአብዛኛው ወደዚህ ድንበር መሄድ አለበት።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የመሣሪያ ስሞችን ለንባብ እንዲመቹ በግዕዝ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። በሥራ ላይ ግን እንደ ኦፕንኤአይና አንትሮፒክ ያሉ አቅራቢዎች የመሣሪያ ስም በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ እንዲጻፍ ይጠይቃሉ።

አጭር ወይስ ረጅም?

የአንድ የመስመር ላይ መደብር የደንበኞች አገልግሎት ኤጀንት ካሉት መሣሪያዎች መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው እንበል።

ትዕዛዝ_ሰርዝ፦ «ትዕዛዝ ይሰርዛል።»
ክፍያ_መልስ፦ «ለደንበኛ ክፍያ ይመልሳል።»

ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። አሁን አንድ ደንበኛ «ትናንት ያዘዝኩትን ጫማ አልፈልገውም፣ ገንዘቤን መልሱልኝ» ብሎ ይጽፋል። ሞዴሉ በጥያቄው ውስጥ «ገንዘብ» እና «መልሱ» የሚሉ ቃላትን ያገኛል፤ ከፊቱ ደግሞ ክፍያ የሚመልስ መሣሪያ አለ። ይጠራዋል። ገንዘቡ ይመለሳል፤ ትዕዛዙ ግን ስላልተሰረዘ ጫማውም ይላካል። ሞዴሉ ከተሰጠው መረጃ አንጻር የሠራው ስህተት የለም። ስህተቱ ያለው መግለጫው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው እንደገና ሲጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ክፍያ_መልስ፦ «ዕቃው ለደንበኛው ደርሶ ወደ መደብሩ ከተመለሰ በኋላ የተከፈለውን ገንዘብ ይመልሳል። ዕቃው ገና ካልተላከ መጠራት ያለበት ትዕዛዝ_ሰርዝ ነው፤ እሱ ትዕዛዙን ዘግቶ ገንዘቡንም አብሮ ይመልሳል። ዕቃው በመንገድ ላይ ከሆነ ሁለቱም አይሠሩም፤ መላኪያ_አስቁም ይጠራ። የትዕዛዙ ሁኔታ ካልታወቀ አስቀድሞ ትዕዛዝ_አሳይ ይጠራ። አንዴ የተመለሰ ገንዘብ በዚህ ሥርዓት መልሶ መያዝ አይቻልም።»

መሣሪያው የሚሠራውን የሚናገረው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። የቀሩት በሙሉ የድንበር ጉዳይ ናቸው፦ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ እያንዳንዱ መቼ እንደሚገባ፣ ሳይታወቅ ምን እንደሚደረግ፣ የማይቀለበሰው የቱ እንደሆነ። አንትሮፒክ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቢያንስ 3 ወይም 4 ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ ይመክራል። እኔ ግን ቁጥሩን እንደ ግብ አልይዘውም። ርዝመቱን የሚወስነው የጎረቤቶቹ ብዛትና የጥፋቱ ክብደት ነው። «የአሁኑን ሰዓት በዩቲሲ ይመልሳል» የሚል መግለጫ ያለው መሣሪያ ጎረቤት ከሌለውና ምንም ነገር የማይለውጥ ከሆነ፣ ከዚህ በላይ ቃል አይፈልግም።

ረጅም መግለጫ መጥፎ የሚሆነው የኮዱን ታሪክ መተረክ ሲጀምር ነው። የትኛው ሰንጠረዥ እንደሚነበብ፣ የቀድሞው ስሪት ለምን እንደተተወ፣ የትኛው ቡድን እንደሚያስተዳድረው ለሞዴሉ ውሳኔ የሚጨምረው ነገር የለም። የመሣሪያ መግለጫ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ወደ ሞዴሉ ስለሚላክ፣ ከንቱ ዐረፍተ ነገር ቶክኑ (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራሽ) በየጊዜው ይከፈልበታል፤ የሞዴሉንም ትኩረት ይሻማል። ረጅም መጻፍ ግድ ከሆነ ወሳኙ ነገር መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ። በ2023 የወጣ የታወቀ ጥናት ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መሐል ያለውን መረጃ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ይልቅ ደካማ በሆነ መንገድ እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል።

ደንቡ የት ይጻፍ?

ይህ ከሁሉም ምርጫዎች የሰፋው ነው፤ ብዙ ቡድኖች ግን እንደ ምርጫ ሳያዩት ያልፋሉ። አንድ ደንብ ሊቀመጥ የሚችልባቸው አራት ቦታዎች አሉ፦ መግለጫው፣ የግብዓቱ ስኪማ (መስኮቹ፣ ማለትም የሚሞሉት ግብዓቶች፣ ምን ዓይነትና ቅርጽ እንደሚኖራቸው የሚወስነው ሰነድ)፣ የስህተት መልእክቱና የኤጀንቱ አጠቃላይ መመሪያ።

በስኪማ ማስገደድ የሚቻለውን በቃል መለመን አያስፈልግም። የትዕዛዝ ሁኔታ «በዝግጅት ላይ»፣ «ተልኳል»፣ «ደርሷል» ከሚሉት ውጭ ሊሆን የማይችል ከሆነ፣ እነዚህ በስኪማው ውስጥ የተዘጋ ዝርዝር ሆነው ይግቡ። መግለጫው ውስጥ «እባክዎ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ» ብሎ መጻፍ ደካማው መንገድ ነው። ኦፕንኤአይ በኦገስት 2024 ያመጣው ጥብቅ ሁነታ ሞዴሉ የሚያወጣው ግብዓት ከስኪማው ጋር እንዲስማማ ያስገድዳል። ሲመረጥ ግን የራሱ ግዴታ አለው፦ ሁሉም መስኮች አስፈላጊ ተብለው መመዝገብ አለባቸው፤ ያልተዘረዘረ ተጨማሪ መስክም አይፈቀድም።

ስኪማ ቅርጽን ይጠብቃል፤ ትርጉምን አይጠብቅም። በቅርጹ ፍጹም የሆነ ቀን የተሳሳተ ቀን ሊሆን ይችላል። «03/04/2025» ማርች 4 ነው ወይስ ኤፕሪል 3? መልሱ እንደ ጸሐፊው አገር ይለያያል። በዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደረጃ በአይኤስኦ 8601 የተጻፈው «2025-03-04» ግን አንድ ንባብ ብቻ አለው። መለኪያዎችም እንዲሁ ናቸው። «ቆይታ» የሚባል መስክ 30 ሲቀበል ሰከንድ ይሁን ደቂቃ ማንም አያውቅም፤ «ቆይታ_በሰከንድ» ሲባል ጥያቄው ይጠፋል። «ተጠቃሚ» የሚል መስክ ስም፣ የኢሜይል አድራሻ ወይም ቁጥር ሊቀበል ይችላል፤ «የተጠቃሚ_መለያ_ቁጥር» አንዱን ብቻ። እንዲህ ያለ ስም ከሦስት መስመር ማብራሪያ ይበልጣል፤ ሞዴሉ ግብዓቱን በሚሞላበት ቅጽበት ዓይኑ ሥር ያለው የመስኩ ስም ነውና።

ከሁሉም የሚሻለው ስህተቱ ከነጭራሹ እንዳይቻል ማድረግ ነው። አንትሮፒክ በዲሴምበር 2024 ባወጣው ጽሑፍ ኤስደብልዩኢ ቤንች በተባለው የሶፍትዌር ጥገና ፈተና ላይ ስለሠራው ኤጀንት ሲገልጽ፣ ከመመሪያው ይልቅ መሣሪያዎቹን በማሻሻል ላይ የበለጠ ጊዜ እንዳጠፋ ተናግሯል። ሞዴሉ ከመነሻው ፎልደር ከወጣ በኋላ የፋይል አድራሻ ሲጽፍ ይሳሳት ነበር፤ አድራሻው አንጻራዊ ስለነበር ያለበት ቦታ ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣል። መሣሪያው ሁልጊዜ ሙሉ አድራሻ እንዲጠይቅ ሲደረግ ስህተቱ ጠፋ። አንድ የግብዓት ደንብ የቀየረው ነገር ይህን ያህል ነው።

የስህተት መልእክትን እንደ መግለጫ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ መታየት ግን ይገባዋል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ደንብ በመግለጫው ውስጥ ሁልጊዜ ቦታ ከሚይዝ፣ ሲጣስ ብቻ ብቅ ቢል ይሻላል። «ስህተት 400» የሚል መልስ ለኤጀንቱ ምንም አይነግረውም፤ ያንኑ ጥሪ ደጋግሞ ይሞክራል። «የመጨረሻው ቀን ከመነሻው ቀን ይቀድማል። ሁለቱንም እንደ 2025-03-04 ባለ ቅርጽ ይላኩ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከ90 ቀን አይብለጥ» የሚል መልስ ግን በቀጣዩ ሙከራ እንዲስተካከል መንገድ ይሰጠዋል። ይህ ስልት የሚያገለግለው ስህተቱ ጉዳት ሳያደርስ ሊያዝ ለሚችል ሥራ ነው። ፋይል የሚያጠፋ ወይም ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ላይ ደንቡ አስቀድሞ በመግለጫው ይነገር፤ በኮዱም ይከልከል። መግለጫ ብቻውን የደኅንነት አጥር ሆኖ ሊያገለግል አይችልም።

የኤጀንቱ አጠቃላይ መመሪያ ውስጥ የሚገባው ከአንድ መሣሪያ በላይ የሆነው ነው፦ ለደንበኛ በምን አነጋገር እንደሚመለስ፣ ጉዳዩ መቼ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ። ሲያጠራጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ መሣሪያ ነገ ለሌላ ኤጀንት ቢሰጥ ደንቡ አብሮት መሄድ አለበት? መሄድ ካለበት ቦታው መግለጫው ነው።

አንድ ሰፊ መሣሪያ ወይስ ብዙ ጠባቦች?

ትዕዛዝ_አስተዳድር የሚባል አንድ መሣሪያ ሠርቶ «ተግባር» የሚል መስክ መስጠት ይቻላል፤ ዋጋውም «አሳይ»፣ «ሰርዝ» ወይም «መልስ» ይሆናል። ዝርዝሩ አጭር ይሆናል፤ ኮዱም ለፕሮግራመሩ ይመቻል። መግለጫው ግን ወዲያው ይወሳሰባል፦ ይህ መስክ የሚሞላው ተግባሩ «መልስ» ሲሆን ብቻ ነው፣ ያኛው ደግሞ «አሳይ» ከሆነ ችላ ይባላል። ከዚህ የከፋው ፈቃድ ነው። ማየትን ያለ ጥያቄ መፍቀድ፣ መሰረዝን ግን በሰው ማረጋገጫ ማሰር ቢፈለግ ሁለቱ በአንድ ስም ተጠቅልለው ለመለየት ያስቸግራሉ። ኤምሲፒ ከማርች 2025 እትሙ ጀምሮ አንድ መሣሪያ የሚያነብ ብቻ ነው ወይስ የሚያጠፋ የሚሉ ምልክቶችን ተቀብሏል፤ ምልክቱ የሚለጠፈው ግን በሙሉው መሣሪያ ላይ ስለሆነ ሰፊው መሣሪያ ሁልጊዜ አደገኛ ተብሎ መመዝገብ ይኖርበታል።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም ዋጋ አለው። እያንዳንዱን የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር) ጥሪ መሣሪያ ማድረግ ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን የሚመሳሰሉ ስሞች ጫካ ነው። ኦፕንኤአይ በአንድ ጊዜ የሚቀርቡት ፈንክሽኖች ከ20 እንዲያንሱ ይመክራል፤ ጥብቅ ገደብ አድርጎ ግን አላስቀመጠውም።

እኔ የምመርጠው በውጤት መለየትን፣ በቅደም ተከተል ማዋሃድን ነው። የሚያነበውና የሚለውጠው ይለያዩ። ሁልጊዜ ተከታትለው የሚጠሩት ደግሞ ይዋሃዱ፦ ተጠቃሚዎችን ዘርዝር፣ ነጻ ሰዓት ፈልግ፣ ቀጠሮ ፍጠር ከሚሉ ሦስት መሣሪያዎች ይልቅ ስብሰባ_ያዝ የሚል አንድ መሣሪያ የኤጀንቱን ሥራ ያቀላል፤ መግለጫውም የሚጻፈው ሰው ሥራውን በሚያስብበት መልክ ይሆናል።

መሣሪያዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ሁሉንም መግለጫ አስቀድሞ ከመጫን ይልቅ ኤጀንቱ ፈልጎ የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲያመጣ ይደረጋል፤ አንትሮፒክ በኖቬምበር 2025 ይህን የሚያደርግ የመሣሪያ መፈለጊያ አቅርቧል። ይህን የሚመርጥ ቡድን አጻጻፉንም ይለውጥ። መግለጫው አሁን ሁለት ሥራ አለበት፤ መገኘትና መመረጥ። ተጠቃሚዎች ነገሩን የሚጠሩባቸው የተለያዩ ስሞች በጽሑፉ ውስጥ ከሌሉ መሣሪያው ጨርሶ ላይገኝ ይችላል።

በስም ላይ ብዙ አልቆይም። ከተለያዩ አገልግሎቶች የመጡ መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲቀርቡ የአገልግሎቱ ስም እንደ መነሻ ይቅደም፤ «ፈልግ» የሚል ብቻውን የቆመ ስም አይኑር።

ምሳሌ ይግባ ወይስ አይግባ?

ግብዓቱ ቀላል ከሆነ ምሳሌ አያስፈልግም። መስክ በመስክ ውስጥ የሚገባበት፣ ወይም አንዱ ሲሞላ ሌላው የሚቀርበት ከሆነ ግን ምሳሌ በቃል ሊገለጽ የሚያስቸግረውን በአንድ እይታ ያስረዳል። አደጋው ሞዴሉ ምሳሌውን መቅዳቱ ነው፤ በምሳሌው የነበረው ቁጥር ወይም ስም በእውነተኛ ጥሪ ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የሚሰጠው ምሳሌ አንድ ከመሆን ሁለት ይሁን፤ ሁለቱም በግልጽ ይለያዩ፤ አንደኛው አማራጭ መስኮችን ባዶ የተወ ይሁን። ምሳሌ የድንበሩን ማብራሪያ ግን አይተካም። እንዴት እንደሚጠራ ያሳያል፤ መቼ እንደሚጠራ አይናገርም።

ማስጠንቀቂያ ወይስ ምክንያት?

«በፍጹም! በምንም ሁኔታ! አስገዳጅ ነው!» የሚሉ ቃላት በብዙ መግለጫዎች ውስጥ ይገኛሉ። አንድ ጊዜ ስህተት ሲታይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል፤ ቀስ በቀስ መግለጫው በጩኸት ይሞላል። መመሪያን በጥብቅ የሚከተሉት አዳዲስ ሞዴሎች እንዲህ ያለውን ቃል ከሚገባው በላይ ይወስዱታል፤ «ሁልጊዜ ይጠራ» የተባለውን መሣሪያ በማያስፈልግበትም ይጠሩታል። ምክንያት ግን ወዳልታሰበ ሁኔታም ይዘልቃል። «ከትዕዛዝ_አሳይ በፊት በፍጹም አይጠራ» ከማለት «የትዕዛዙ ሁኔታ በየደቂቃው ስለሚለወጥ ከመጥራት በፊት በትዕዛዝ_አሳይ ይጣራ» ማለትን እመርጣለሁ። ሁለተኛውን ያነበበ ሞዴል ከግማሽ ሰዓት በፊት የታየ ሁኔታ እንደማይበቃ መረዳት ይችላል፤ ከመጀመሪያው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ጠንካራ ቃል ለማይቀለበስ ድርጊት ብቻ ይቀመጥ።

ስለሚመለሰው ውጤትም መናገር ያስፈልጋል፦ ውጤቱ ስንት እንደሚሆን፣ በምን እንደተደረደረ፣ ባዶ ዝርዝር ማለት «የለም» ይሁን «አልተገኘም»። ውጤቱ ሊበዛ የሚችል ከሆነ ኤጀንቱ አጭር ወይም ዝርዝር መልስ የሚመርጥበት መስክ መስጠት ጥሩ ነው። የአንትሮፒክ የፕሮግራም ሥራ ኤጀንት የሆነው ክሎድ ኮድ የአንድን መሣሪያ መልስ በራሱ በ25,000 ቶክን ይገድባል፤ መልሱ ሲቆረጥ መቆረጡንና ፍለጋው እንዴት እንደሚጠብ የሚናገር መስመር መጨረሻው ላይ ይኑር።

በየትኛው ቋንቋ?

ተጠቃሚዎቹ በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ትልልቆቹ ሞዴሎች የአማርኛን ጥያቄ ከእንግሊዝኛ መግለጫ ጋር ማዛመድ ይችላሉ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ያንኑ ሐሳብ ከያዘ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይልቅ ብዙ ቶክን ይወስዳል። ስለዚህ አካሉን በእንግሊዝኛ ጽፎ ተጠቃሚው የሚናገራቸውን ቃላት እንዳሉ በአማርኛ ማስገባት ጥሩ ስምምነት ነው። መሰረዝን የሚፈልግ ሰው «ይሰረዝልኝ» ብቻ አይልም፤ «ይቅርብኝ»፣ «ትቼዋለሁ»፣ «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» ይላል። እነዚህ በትዕዛዝ_ሰርዝ መግለጫ ውስጥ ቢጠቀሱ ግምት አይኖርም። መግለጫውን የሚጽፉትና የሚያጸድቁት ሰዎች በእንግሊዝኛ ረቂቅ ልዩነትን መግለጽ የሚቸግራቸው ከሆነ ግን ያለ ማመንታት አማርኛውን እመርጣለሁ። የተጨመረው ቶክን በገንዘብ ይተመናል፤ የደበዘዘ ድንበር የሚያደርሰው ጥፋት ግን አስቀድሞ አይታወቅም።

ሁለት ረቂቆችን ማወዳደር

ከሁለት መግለጫዎች የትኛው እንደሚሻል በማንበብ ብቻ መወሰን አይቻልም። ሦስት ዓይነት ጥያቄዎች ይሰብሰቡ፦ ይህ መሣሪያ ሊጠራባቸው የሚገባ፣ ጎረቤቱ ሊጠራባቸው የሚገባ፣ ምንም መሣሪያ ሊጠራባቸው የማይገባ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ መሣሪያውን ያለ ቦታው የሚጠራ ኤጀንት የሚጋለጠው ግን በእሱ ነው። ሞዴሉ ሳይለወጥ መግለጫው ብቻ ይለወጥ፤ የሞዴል መልስ ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው ስለሚለያይ እያንዳንዱ ጥያቄ ተደጋግሞ ይሞከር። የመጨረሻው መልስ ትክክል መሆኑ አይበቃም፤ መጀመሪያ የተጠራው የቱ ነው? ግብዓቱስ ምን ነበር? በሁለት የተሳሳቱ ጥሪዎች ዞሮ ትክክለኛ መልስ ላይ የደረሰ ኤጀንት፣ መግለጫው የት ላይ እንደሳተ በራሱ መንገድ እየተናገረ ነው።

በሌሎች የተጻፈ መግለጫ

እስካሁን ያልኩት እኛው የምንጽፈውን የሚመለከት ነው። በኤምሲፒ በኩል ከሌላ አቅራቢ የሚመጣ መሣሪያ ግን መግለጫውንም ይዞ ይመጣል፤ መግለጫው ደግሞ በቀጥታ ወደ ሞዴሉ ይገባል። የኤአይ ደኅንነት ኩባንያው ኢንቫርያንት ላብስ በኤፕሪል 2025 እንዳሳየው፣ ንጹሕ በሚመስል መሣሪያ መግለጫ ውስጥ የተሸሸገ ትዕዛዝ ኤጀንቱ የተጠቃሚውን ምስጢራዊ ፋይሎች አንብቦ በአንድ ተጨማሪ መስክ እንዲልክ ሊያደርገው ይችላል። ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያየው አጭር ስም ነው፤ ሞዴሉ የሚያነበው ሙሉውን ጽሑፍ ነው። «የሚያነብ ብቻ» የሚለው ምልክትም አቅራቢው ስለራሱ የሚናገረው ቃል ስለሆነ፣ አቅራቢው ካልታመነ ምልክቱም አይታመንም።

ስለዚህ የሌላ ሰው መሣሪያ ከመገናኘቱ በፊት መግለጫው፣ የመስኮቹ ማብራሪያ ጭምር፣ ሙሉ በሙሉ ይነበብ። ስለ ሌላ መሣሪያ አጠቃቀም የሚያዝ፣ ፋይል እንዲነበብ የሚጠይቅ ወይም «ለተጠቃሚው አይነገር» የሚል መስመር ያለበት መሣሪያ አይገናኝ። መሣሪያዎቹን የሚያቀርበው አገልጋይ (ሰርቨር) ዝርዝራቸውን ከጸደቀም በኋላ ሊለውጠው ስለሚችል፣ የጸደቀው ጽሑፍ ይቀመጥና በየግንኙነቱ ከሚመጣው ጋር ይወዳደር። አንድ ቃል እንኳ ከተለወጠ ሰው አንብቦ እስኪያጸድቀው ድረስ መሣሪያው ለኤጀንቱ አይቅረብ።